መሬት የማይፈልግ መብራት

የአባቴ ማሳ ውሃ ውስጥ ነው። ይህን የነገርኩት ሰው መጀመሪያ ይስቃል፣ ቀጥሎ ከንፈሩን ይመጥጣል፣ ከዚያ ወሬ ይለውጣል። እኔ ግን ወሬ የምለውጥበት ሌላ ማሳ የለኝም።

ከገነተ ማርያም ቁልቁል ሲወረድ ሁለት ተረተሮች ተቀራርበው ወንዙን የሚያንቁበት ቦታ አለ። ልጅ ሳለሁ እዚያ ላይ የአፈር ግድብ ተሠራ። ከግድቡ ጀርባ ውሃ የተኛበት ቦታ በአካባቢያችን ሜዳ የሚባለው ሁሉ ነበር፤ ላስታ ተራራ እንጂ ሜዳ አልታደለችም። አባቴ እዚያ ከዳገቱ ሥር ጀምሮ እስከ ወንዙ አፍ የሚወርድ ቀጭንና ረጅም ማሳ ነበራቸው። ላዩ ቀይ፣ ታቹ ጥቁር አፈር ነው። «ምትክ መሬት ይሰጣችኋል» ተባለ። ምትክ የሚሆን መሬት በአገሩ ቢኖር ኖሮ ሰው ገደል ላይ ተንጠልጥሎ ያርስ ነበር? ለአባቴ የደረሳቸው ተረተር ላይ ያለች፣ ከእህል ይልቅ ድንጋይ የምታበቅል ቁራጭ ናት። በኋላ የመሬት ደብተር ሲታደልም ውሃ ሥር ያለ መሬት አይጻፍም ተባለና ቀረ።

ደብተሩ ቢረሳውም ሰዉ አልረሳውም። በጋው እየገፋ ውሃው ወደ ውስጥ ሲሸሽ፣ ከዳር ዳር እርጥብ መሬት ብቅ ይላል። እዚያ ላይ ሽምብራና ጓያ እንዘራለን። የሚዘራው ግን ያገኘ ሁሉ አይደለም። ሁሉም የሚዘራው ከራሱ ከድሮው ማሳ ላይ ውሃ የለቀቀለትን ብቻ ነው። ውሃው ለሰውየው ክንድ የምታህል መሬት ከለቀቀለት ክንድ የምታህለውን ይዘራል፤ የጎረቤቱ ሰፊ ቦታ ባዶውን ቢውል እግሩን አያስገባም። ወሰኑ የሚታወቀው በዓይን ነው። እኛ ከዳር ካለው ትልቅ ሾላ ሥር ቆመን ከማዶ ያለውን የአለት ስንጥቅ እናያለን፤ ከሾላው እስከ ስንጥቁ በሐሳብ ገመድ ከዘረጋን፣ ከገመዱ ወዲህ የእኛ፣ ወዲያ የጎረቤት ነው። እኔ ፊደል ከመቁጠሬ በፊት ይህን ገመድ አውቀው ነበር።

ከታች ወንዙ አፍ ላይ ደግሞ የወሰን ድንጋይ አለ። አያቴ ናቸው የተከሉት፤ ሲተክሉ ከሥሩ ከሰል ቀብረዋል። «ድንጋይ በክፉ ጎረቤት ይነሳል፣ ከሰል ግን አይበሰብስም» ይሉ ነበር አሉ። ግድቡ ከሞላ ወዲህ ያን ድንጋይ ያየው ሰው የለም። እስከዚያ ድረስ የሸሸ ውሃ አልነበረም።

እኔ ካደግኩ በኋላ ላሊበላ ሆቴል ውስጥ አልጋ አነጥፍ ነበር። ጦርነቱ መጣና እንግዳ ቀረ፣ ሆቴሉ ተዘጋ። ትዳሬ ከሆቴሉ ቀድሞ ተዘግቶ ስለነበር የምመለስበት ቤት የአባቴ ብቻ ነው። እናቴ ካረፈች ቆይታለች። አባቴ አርጅተዋል፣ በሬያቸውን ሸጠዋል፣ የተረተሩን ቁራጭ አርሶ ምርቱን ለሚያካፍላቸው እኩል አራሽ ሰጥተዋል። የምንበላው ከዚያች የእኩል ድርሻና ውሃው ከሚለቅልን የሽምብራ መሬት ነበር። ከሁለቱ የሚሻለው የውሃው ነው። እሱ ከቀረ እኔና አባቴ የምንበላው የለንም፤ ነገሩ ይኸው ነው።

መብራት ያኔ የለም ማለት ይቀላል። በጋሸና በኩል የሚመጣው መስመር ብዙ ጊዜ ተቆርጦ ከረመ፤ ከተጠገነም በኋላ ሲፈልግ ይመጣል፣ ሲፈልግ ይቀራል። ጤና ኬላው የክትባት ማቀዝቀዣውን እንደ ቁም ሳጥን ነው የሚጠቀምበት። በዚህ መሃል ነው ፕሮጀክት መጣ የተባለው። ፀሐይን መብራት የሚያደርግ ሶላር ሊዘረጉ ነው፤ የውሃ ፓምፕ ያንቀሳቅሳል፣ ጤና ኬላውን ያበራል። የጎደለው የሚዘረጋበት ቦታ ብቻ ነበር።

ቦታ! ግጦሹ ላይ ሲባል ባለ ከብቶቹ ዱላ ይዘው ወጡ። የተከለለው ተራራ ላይ ሲባል መሬት አልባ ወጣቶች ንብ ሊያረቡበት ተሰጥቷቸዋል። የቤተ ክርስቲያኑ ላይ ሲባል ቄሱ «የታቦት መሬት ነው» አሉና ነገሩን ዘጉት። ሁሉም መብራቱን ይፈልጋል፣ ሁሉም በሌላው ሰው ማሳ ላይ ነው የሚፈልገው። አልፈርድባቸውም። ቁና የምታህል መሬት ይዞ አምስት ልጅ የሚያሳድግ ሰው፣ ጫማ የምታህለውን ስጥ ሲሉት ደሙ ይፈላል።

አንድ ቀን ግን ኢንጅነሩ ደስ ብሎት መጣ። ትሁት ልጅ ነበር፤ ሽማግሌ ሲያይ ቆቡን ያወልቃል። «ውሃው ላይ እናንሳፍፈዋለን» አለ። ሶላሩ በፕላስቲክ በርሜል ላይ ይታሰራል፣ ግድቡ መሃል ይንሳፈፋል። ጥላው ውሃው በፀሐይ እንዳይተን ይጋርዳል፤ ውሃው ደግሞ ሶላሩን ያቀዘቅዘዋል። «መሬት አይፈልግም» አለ። ሰዉ አጨበጨበ። ውሸት አልናገርም፣ እኔም ብልህ ነገር መስሎኝ ነበር። ዛሬም ሐሳቡ ሞኝ ነው አልልም።

ስብሰባው የተደረገው ሾላው ሥር ነው። የቀበሌው ሊቀ መንበር ተነሳና፣ «በውሃው ላይ የይዞታ ጥያቄ ያለው አለ?» ብሎ ጠየቀ። እጄን አነሳሁ። እኔ ስናደድ ድምፄ ይቀጥናል፣ ያን ቀንም ቀጠነ። «ውሃው ባዶ አይደለም፤ ከሥሩ የሰው ማሳ ነው ያለው። በበጋ የምንዘራበት ዳሩስ ምን ሊሆን ነው?» አልኩ። ሊቀ መንበሩ በትዕግሥት ሰማኝ። ከዚያ ወደ ጸሐፊው ዞር አለና፣ «ሴቶችም ተሳትፈዋል ብለህ ያዝ» አለ። ቀጣዩ አጀንዳ የምሳ ነገር ነበር።

ያን ጊዜ ነው አባቴ የተነሱት።

አባቴ ከአባታቸው የያዙት አንድ ልማድ አላቸው። መሬታቸውን ለእኩል አራሽ ሲሰጡ ወረቀት አይጽፉም። ከማሳው አንድ እፍኝ አፈር ያነሱና አራሹ መዳፍ ላይ ያኖሩታል። «አርሰህ ብላ፣ አርሰህ አብላ» ይሉታል። አራሹ በመዳፉ ከተቀበለ ውሉ ታሰረ፤ ድርሻ ስንት ነው ተብሎ አይነገርም፣ እኩል መሆኑን ልጅም ያውቀዋል። ውሉ የሚፈርስበት ቀን ደግሞ አባቴ መዳፋቸውን ይዘረጋሉ፣ አራሹ ከዚያው ማሳ አፈር አንስቶ ይመልስላቸዋል። በዚህ ተጣልተው አያውቁም።

ዱላቸውን ተደግፈው ወደ ውሃው ወረዱ። ጎንበስ ብለው በእፍኛቸው ጨለፉ። እየተንጠባጠበ ይዘውት መጡና ኢንጅነሩ ፊት ቆሙ። ልጁ ግራ ገብቶት መዳፉን ዘረጋ፣ አፈሰሱለት።

«ልጄ፣ አርሰህ ብላ፣ አርሰህ አብላ» አሉት።

ልጁ ዓይኑ እንባ አቀረረ። ምርቃት መስሎታል። ውሃውን እንደ ጠበል ግንባሩን ቀባበት፣ የተረፈውን ፊቱን አበሰበት፣ ከዚያ የአባቴን ጉልበት ሊስም ጎንበስ አለ። ሰዉ እልል አለ። አንዱ በስልኩ ፎቶ አነሳቸው።

ወደ ቤት ስንወጣ ትዕግሥቴ አለቀ።

«አባየ፣ ሰውየው እኮ ጠበል መስሎት ነው ግንባሩን የቀባው!»

«ተቀበለ አልተቀበለም?»

«ምኑን?»

«ውሃውን። በመዳፉ ተቀበለ አልተቀበለም?»

«ተቀበለ።»

«በቃ። እኩል ገብቷል።»

«መብራት እንዴት ነው እኩል እሚካፈሉት? በስልቻ ሊያመጡልዎ ነው?»

አባቴ ቆም ብለው ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ። ሞኝ እንዳይደሉ እንዳውቅ በደንብ አዩኝ። «እህል እሚሸከመው አህያ ነው፣ መብራት እሚሸከመው ሽቦ ነው። በስልቻ አምጡልኝ አላልኩም። በመሬቴ ላይ ካረሱ ቤቴ ድረስ ሽቦ ይዘርጉ።» ከዚያ ወዲህ ስለዚህ ነገር የተናገርኩት ሁሉ ድንጋይ ላይ ውሃ ነው።

ሶላሩ ተንሳፈፈ። ከላይ ከቤታችን ሲያዩት ግድቡ መሃል ጥቁር ሰሌዳ የተሰጣ ይመስላል። ጤና ኬላው በራ። በዚያው ወር አንዲት ጎረቤታችን በመብራት ወለደች፤ ከእሷ በፊት የወለዱት በባትሪና በሻማ ነበር። ቦኖውም ውሃ ሰጠ፣ ጀሪካን ተሸክሜ ዳገት መውጣት ቀረልኝ። ለዚህ ሁሉ ምስጋና ይገባል፤ የበላሁበትን ወጪት አልሰብርም። ሽቦው ግን ከግድቡ ተነስቶ ወደ ጤና ኬላው፣ ወደ ፓምፑና ወደ ቀበሌው ቢሮ ሲሄድ በቤታችን ሥር አልፎ ነው የሄደው። ለሶላሩ ከእኛ ቤት የሚቀርብ ቤት የለም። የአባይን ልጅ ውሃ ጠማው እንደሚባለው፣ እኛ በኩራዝ ተቀመጥን።

ከዚህ የባሰው በበጋው መጣ። ሶላሩን ነፋስ እንዳይወስደው የሚያስሩት ወፍራም ገመዶች ዳር ላይ ከሲሚንቶ ጋር ተቀብረዋል። ሲሚንቶው የተቀበረው በእኛ የሽምብራ መሬት ላይ ነው። ውሃው ሲሸሽና ዘር ይዘን ስንወርድ ዘበኛው፣ «በገመዱ አካባቢ አይቆፈርም ተብሏል» አለን። ዘበኛው የውጭ ሰው አይደለም። አብረን የተማርን፣ የአባቱ ማሳ ከእኛ ጋር ወሰንተኛ ሆኖ ውሃ ሥር ያለ ሰው ነው። ፕሮጀክቱ ለሰፈራችን ያመጣው ደሞዝ የእሱ ብቻ ነበር። እኔ ጮህኩ። አባቴ ግን፣ «እኩል አራሽ በሬውን ማሳየ ላይ ቢያስር ምን አለበት? ድርሻችንን ያበዙልናል እንጂ» ብለው ዘሩን ይዘው ተመለሱ። በዚያ ዓመት ሽምብራ ከገበያ ሸመትን፤ ሽሮ አልቆ ቂጣ በጨው የበላንበትም ቀን ነበር።

በየዓመቱ እህል ጎተራ በሚገባበት ወቅት አባቴ ጋቢያቸውን ለብሰው ወደ ዘበኛው የቆርቆሮ ቤት ይወርዱ ነበር። የእኩል ባለቤት አውድማ ላይ መገኘት አለበት፤ ካልተገኘ ድርሻውን እንደ ናቀ ነው የሚቆጠረው።

«ዘንድሮስ እንዴት ነው፣ ገባ?» ይሉታል።

«ደህና ገብቷል አባባ።»

«የእኔስ?»

«እነግርልዎታለሁ። ሲመጡ እነግርልዎታለሁ።»

ሰፈሩ ቀልድ አገኘ። አባቴ ሲያልፉ፣ ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ እያሉ ይጠቃቀሳሉ። አንድ ጊዜ የቀለደችባቸውን ሴት ቦኖው ላይ በውሃ ረጨኋት። ግን ምን ዋጋ አለው? የወደቀ ግንድ ምሳር ይበዛበታል። እኔ ራሴ ቤት ውስጥ እቆጣቸው የለም ወይ? አባቴ ቁጣዬን ይሰሙና፣ «ባለ መሬት ነኝ፤ አልለምንም፣ እጠይቃለሁ» ይሉ ነበር።

ከዚያ ያ ዓመት መጣ። ክረምቱ ዘግይቶ ገባ፣ ቸኩሎ ወጣ። ግድቡም የድሮው ግድብ አልነበረም፤ ከተራራው የሚወርደው ደለል ሆዱን ሞልቶት ውሃ የሚይዝበት ቦታ ጠቦታል። በጥምቀት ሰሞን ውሃው ከምናውቀው ወሰን አልፎ ሸሸ። የማንም ዓይን አይቶት የማያውቅ ጭቃ ወጣ። የሶላሩ ገመዶች ረገቡ፣ በርሜሎቹ አንድ ጎናቸው መሬት ነካ። አንድ ከሰዓት በኋላ እንደ መሰንጠቅ ያለ ድምፅ ተሰማ፤ ሶላሩ ዘመም ብሎ ተቀመጠ። መብራቱ ጠፋ። ፓምፑ ቆመ። ቦኖው ላይ የተሰለፈው ጀሪካን እዚያው ደረቀ።

መሬት አይፈልግም የተባለው ነገር መሬት ላይ ተቀመጠ። የማን መሬት ላይ እንደ ተቀመጠ ለማወቅ ከሾላው እስከ ስንጥቁ ማየት በቂ ነው።

አባቴን ደግፌ አወረድኳቸው። እስከ ቁርጭምጭሚታችን እየሰመጥን በሶላሩ ጎን አለፍን። አባቴ አንዴ ወደ ሾላው፣ አንዴ ወደ ስንጥቁ እያዩ፣ መንገዱን ትናንት እንደ ሄዱበት ሁሉ ይመሩኝ ነበር። ወንዙ አፍ ጋ ስንደርስ ዱላቸው አንድ ነገር መታ። ድንጋዩ ነበር። ደለል ውጦት ጫፉ ብቻ ነው የቀረው። በጉልበታቸው ተንበርክከው በጣታቸው ቆፈሩ፣ እኔም ቆፈርኩ። ከሥሩ ያወጡት ጣታቸው ጭቃ ብቻ አልነበረበትም፤ ጥቁር፣ እጅ የሚያጠቁር፣ በሁለት ጣት ሲያሹት የሚደቅ ከሰል ነበረበት።

«አባቴ እዚህ ነበሩ» አሉ። አባቴ ሲያለቅሱ ያየሁት እናቴን ስንቀብርና ያን ቀን ነው።

ዘበኛው መጥቶ አጠገባችን ቆሞ ነበር። ድንጋዩንም ከሰሉንም አየ። አባቴ ከጉልበታቸው ሳይነሱ፣ «ልጄ፣ ይህችን ጥግ አንሱልኝና ልዝራባት። አፈሩን አየኸው?» አሉት።

«አባባ፣ ይቅር ይበሉኝ፣ ታዝዤ ነው። ንብረቱ የፕሮጀክቱ ነው።»

«ንብረቱ የእነሱ ይሁን። መሬቱስ?»

ዘበኛው ወደ እኔ አየ፣ ወደ ሶላሩ አየ። «መሬት... መሬት አይፈልግም ነው የተባለው እኮ» አለ። እየቀለደ አልነበረም።

ከሳምንት በኋላ ኢንጅነሩ መጣ። ያ ትሁት ልጅ ነው፣ ግን ከስቷል። ሴቶቹ ባዶ ጀሪካናቸውን እያንኳኩ ከበቡት፤ የተሰነጠቀውን ሲቆጥር፣ ስልክ ሲደውል፣ ስልኩ ሲቆረጥበት ዋለ። ክፉ ሰው አልነበረም። ክፉ ሰው ቢሆን ኖሮ ይቀለኝ ነበር። አባቴ በሰዉ መሃል ሰንጥቀው ሄዱና ፊቱ ቆሙ። መዳፋቸውን ዘረጉ።

«ልጄ፣ ድርሻየን ሳትሰጠኝ ዓመት አለፈ፣ ዓመት ደገመ። ምናልባት አልሆነልህ ይሆናል፣ አልረግምህም። እኩሉን አፍርሻለሁ። የሰጠሁህን መልስልኝ።»

ልጁ ወደ እኔ ዞረ። እኔ ምን ልበለው? ስለ እኩል፣ ስለ እፍኝ አፈር፣ ስለ አያቴ ከሰል በዚያ ፀሐይ፣ በዚያ ጩኸት መሃል ከየት ልጀምር? «ያኔ የሰጡህን ውሃ መልስልኝ ነው እሚሉህ» አልኩት። እውነቱ ይኸው ነበር።

የገባው ውሃ የሚለው ቃል ብቻ ነው። ሮጦ ከመኪናው የታሸገ የፕላስቲክ ውሃ አመጣ። «ይጠጡ አባባ፣ ፀሐዩ ከባድ ነው» ብሎ መዳፋቸው ላይ አኖረው። አባቴ መክፈት አቃታቸው፣ እሱው ከፈተላቸው። በመዳፋቸው አፍስሰው፣ ጎንበስ ብለው ጥቁሩ ጭቃ ላይ አንጠባጠቡት። ደግመው አፈሰሱ፣ ደግመው አንጠባጠቡ። ጠብታ እንኳ አልጠጡም። ከዚያ ቀና ብለው ሰዉን ሁሉ አዩ።

«ተመልሷል። ምስክር ሁኑ» አሉ።

ልጁ ባዶውን ጠርሙስ ተቀበላቸውና ወደ ተሰነጠቀው ሶላር ተመለሰ። አባቴ ያን ቀን ዳገቱን ያለ እኔ ድጋፍ ወጡ። ደስ ብሏቸው ነበር። እኔ ከኋላቸው እየሄድኩ አለቀስኩ፤ ምንም የተመለሰ ነገር እንደሌለ የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ።

ያን ሰሞን አባቴ ዶማ ይዘው ወርደው በሶላሩ ረድፎች መሃል ባለው ክፍተት ሽምብራ ዘሩ። ዘበኛው ፊቱን ወደ ግድቡ አዙሮ ተቀመጠ፤ ለዚህ ውለታውን አልክድም። አፈሩ ጥሩ ነበርና ዘሩ ቶሎ በቀለ። ግን አብዛኛው በጥላው ሥር ነው። ቡቃያው ፀሐይ ፍለጋ እየተመዘዘ ረዘመ፣ ነጣ፣ ከዚያ እንደ ክር ተኛ። ፍሬ የያዘው ዳር ያገኘው ጥቂቱ ብቻ ነው። አባቴ የተኛውን በጣታቸው እያነሱ፣ «መሬቱን መለሱ፣ ፀሐዩን ግን አልመለሱም» አሉ። የደረሰችውን እሸት ለቅመው ቤት አመጧት። ለሁለት ከፈሏት። የእኔ ድርሻ በለጠ። «እኩል ነው» አሉ።

በሰኔ ታመሙ። ጤና ኬላው በጨለማ ነበር፤ ነርሷ በስልኳ መብራት አየቻቸውና ላሊበላ ውሰዷቸው አለች። በቃሬዛ ስንጭናቸው አንድ ነገር ብቻ ነበር የሚያሳስባቸው። «ማሳው ያንቺ ነው። ከሾላው ወደ ስንጥቁ። ከሰሉን እንዳትረሺ» አሉኝ። አልረሳም አልኳቸው። ከላሊበላ በሕይወት አልተመለሱም።

የቀበርናቸው ሳምንት ሰማዩ ተቀደደ። ከሠልስታቸው ስንመለስ ግድቡ እየሞላ ነበር። ሶላሩ ከጭቃው ተላቆ ተንሳፍፏል፤ ድንጋዩ፣ ከሰሉ፣ የደረቀው የሽምብራ ገለባ፣ የአባቴ ጉልበት የተንበረከከበት ቦታ፣ ሁሉም ተመልሶ ሰጠመ። ዝናብ ሲዘንብ ከሰዉ ጋር እልል ማለት አልቻልኩም። ዝናብ የሚጠላ ገበሬ እኔን አየሁ።

በጥቅምት እንደገና ሾላው ሥር ተሰበሰብን። ኢንጅነሩ ሌላ ነው፤ ሊቀ መንበሩ ያው ነው። የተሰነጠቀው ይጠገናል፣ በላዩም ይጨመራል፣ ግድቡ በሙሉ ይሸፈናል ተባለ። «መሬት ስለማይፈልግ» አለ አዲሱ ኢንጅነር። ለእያንዳንዳችን የታሸገ ውሃ ታደለን። ከዚያ ጥያቄው መጣ፤ በውሃው ላይ የይዞታ ጥያቄ ያለው አለ?

እጄን አነሳሁ። ያን ቀን ድምፄ አልቀጠነም። በሕይወቴ እንደዚያ ቀስ ብዬ ተናግሬ አላውቅም። ማሳው የአባቴ እንደ ነበረ፣ በእኩል እንደ ሰጡት፣ እኩሉን በሰው ፊት እንዳፈረሱት፣ ወሰኑ ላይ ድንጋይ እንዳለ፣ ከድንጋዩ ሥር ከሰል እንዳለ አንድ በአንድ ተናገርኩ። አዲሱ ኢንጅነር አልሳቀብኝም። ራሱን እየነቀነቀ ሰማኝና፣ «ድንጋዩን ያየ ሰው አለ?» ብሎ ጠየቀ።

ዘበኛውን አየሁት። ሰዉም አየው። ተነሳ፣ የደንብ ልብሱን ቁልፍ ነካካ። «እኔ ያየሁት ጭቃ ነው» ብሎ ተቀመጠ። ልጠላው ሞከርኩ፣ አልሆነልኝም። ሶላሩ ሲጨመር ዘበኛም ይጨመራል ተብሎ ነበርና፣ ማሳቸው ከእኛ ጎን የሰጠመባቸው ጎረቤቶቻችንም የየልጆቻቸውን ስም በልባቸው እያስመዘገቡ ነበር። ዝም አይነቅዝም፤ የታደላቸውን የታሸገ ውሃ ይከፍቱ ጀመር።

ጸሐፊው ብዕሩን አንስቶ ጠበቀኝ። «የት ነው ድንጋዩ? የት ነው ብየ ልያዝ?» አለኝ።

ከሾላው ወደ ስንጥቁ አየሁና በጣቴ አሳየሁት። ሁሉም አንገታቸውን አዙረው ወደ ጠቆምኩበት አዩ። ውሃ ነበር።